ሽማግሌዎቼና የሚያጓራው ጎማ

ለገዛ ሽምግልናው ሹፌር ሆኖ የሄደ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ እኔን እዩኝ። ሽማግሌ የሚላከው እኮ ልጁ ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን እየበላ እንዲጠብቅ ነው። ወጉም ሥርዓቱም ይኸው ነው። እኔ ግን ሽማግሌዎቼን ከሚዛን ተፈሪ እስከ ማሻ በገዛ መኪናዬ ጭኜ፣ በገዛ እጄ መሪ ጨብጬ አድርሻቸዋለሁ። ያውም ጎማው እያጓራ።

ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ አይደለም። መኪናዋን ሊነዳ የነበረው ጓደኛዬ ነው፤ ሦስተኛ ሽማግሌም እሱ ነበር። ቀጠሮው ቅዳሜ ሊሆን ዓርብ ዕለት ወባ ጣለው። ማለዳ ቤቱ ስደርስ ሦስት ብርድ ልብስ ደራርቦ ይንቀጠቀጣል። «አንተው ንዳ። ሹፌር ነው ይበሉ፤ ማን ያውቅሃል?» አለኝ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። ምክሩ ከትኩሳት የመጣ መሆኑን ልብ ማለት ነበረብኝ።

ቀጠሮ ማዛወር የማይታሰብ ነበር። አስቴር፣ ማለትም ሽማግሌ የምልክባት ልጅ፣ ከእኔ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ታስተምራለች፤ እኔ ፊዚክስ፣ እሷ ባዮሎጂ። አባቷ አቶ ወንድሙ የሚኖሩት ማሻ ነው። እኚህ ሰው ለእህቷ የመጡ ሽማግሌዎችን «አርፍዳችኋል» ብለው ከበር መልሰዋል። ያ ምስኪን ልጅ በዚያው ቀረ፤ ሁለተኛ የሚልክለት ሽማግሌም አላገኘ። «አባባ ቀጠሮ ካለ ቀጠሮ ነው» ብላኛለች አስቴር። «ስምንት ሰዓት ብሏል። ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ላይ ካልተገኙ እኔም አለቀልኝ፣ አንተም አለቀልህ።» ይህን ስትለኝ አልሳቀችም።

ስለዚህ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣን። ከጎኔ ጋሽ ወልዴ ተቀመጡ፤ የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር የነበሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ፣ ንግግር ከጀመሩ ደወል ካልተደወለ የማያቆሙ ሰው ናቸው። ከኋላ ጎረቤቴ አቶ ማቴዎስ ነበሩ። ቡና አምራች ናቸው፣ በቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ። አፋቸውን የፈቱት በቤንችኛ ስለሆነ አማርኛን ቆጥበው ነው የሚናገሩት፤ የተናገሩትን ግን አይመልሱትም።

ስለ መኪናዬም ትንሽ ልንገራችሁ። ከእኔ በፊት ስንት ሰው እጅ እንዳለፈች እሷም አታስታውስም። ቴፕዋ ውስጥ ከቀድሞዎቹ ባለቤቶች አንዱ የተወው ካሴት ተቀርቅሯል፤ የእንግሊዝኛ መማሪያ ነው። አይወጣም፣ አይገለበጥም፣ ግን ይሠራል። አንድ ፈረንጅ ሰላምታ ይሰጣል፣ ዝም ይላል፣ እናንተ እንድትደግሙ ይጠብቃል። እኔ ከሁለት ዓመት በላይ ሳልደግምለት ቆይቻለሁ፤ እሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም።

ከሚዛን ወጥተን ብዙም ሳንርቅ ጋሽ ወልዴ ስለ ትዳር እየመከሩኝ ነበር። «ትዳር ማለት፣ ልጄ፣ ፊት ለፊትህን ማየት ነው» ሲሉ እኔ ፊታቸውን እያየሁ ነበር። ጉድጓዱን አላየሁትም አልልም። አይቼዋለሁ። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ አፉ ድረስ ስለሞላው ከመንገዱ ጋር እኩል የሆነ ትንሽ ኩሬ መሰለኝ። የውሃን ጥልቀት በዓይን መገመት እንደማይቻል ተማሪዎቼን በጠመኔ እየሣልኩ አስተምሬያለሁ። የግራው የፊት ጎማ ገባ። የጋሽ ወልዴ ባርኔጣ ጣሪያውን ነካና እስከ አገጫቸው ወረደ፤ አቶ ማቴዎስም «ጌታ ሆይ!» አሉ።

ወርደን ዙሪያውን አየን። በእኛ አገር መኪና ሲመታ የሚደረገው የመጀመሪያው ምርመራ ጎማውን በእግር መርገጥ ነው። ጋሽ ወልዴ ረገጡት። እኔም ረገጥኩት። አቶ ማቴዎስም ላለመለየት ያህል ነካ አደረጉት። ጎማው አልተነፈሰም፤ ስለዚህ ደህና ነው ተባባልንና ጉዟችንን ቀጠልን።

ድምፁ የጀመረው ትንሽ ፍጥነት ስጨምር ነው። መጀመሪያ የሩቅ ወፍጮ ነበር የሚመስለው። ዝግ ስል ይጠፋል፣ ስፈጥን ይመለሳል።

«ጭቃ ነው» አሉ ጋሽ ወልዴ። «ሲደርቅ ይረግፋል።»

«ጭቃ አይጮህም» አሉ አቶ ማቴዎስ ከኋላ።

ቴፒ ስንደርስ አራት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ጎሚስታው ጋ ቆምኩ፤ ጎማ የሚጠግን፣ ክንዱ እስከ ትከሻው የጠቆረ ረጋ ያለ ሰው ነው። መኪናዋን ትንሽ አስነዳኝና ከጎኗ አብሮ እየተራመደ ሰማ። ከዚያ መዳፉን ጎማው መሐል ላይ አሳርፎ ቶሎ አነሣ።

«ወንድም፣ ይሄ ጎማ አይደለም። ኩሽኔታ ነው። ጎማው የሚሽከረከርበት፣ ውስጡ እንክብል ብረት ያለው ቀለበት አለ አይደል? እሱ ነው የተመታው። መካኒኩ ለቅሶ ሄዷል፣ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ጠብቀው።»

ከሰዓት በኋላ! ማሻ እኮ ገና የሦስት ሰዓት መንገድ ይቀራል። ይህን ሰው ጠላሁት። ምንም አላደረገኝም፤ እውነቱን ነገረኝ እንጂ። ሐኪም የማይፈልገውን በሽታ ሲነግረው ሌላ ሐኪም ፍለጋ እንደሚሄድ በሽተኛ ዞር ዞር ስል፣ መንገድ ዳር በጀሪካን ቤንዚን የሚሸጥ ሰው አገኘሁ። ሳልጠይቀው ነው መልስ የሰጠኝ። «ጎማህ አልቋል እኮ! የጎማ ጥርስ ሲያልቅ ይጮሃል። መጠባበቂያህን ግጠምና ሂድ» አለ። ወዲያውኑ ወደድኩት። ቤንዚን ከመሸጥ በቀር ስለ መኪና የሚያውቀው ነገር ይኑር አይኑር አልጠየቅኩም። የመጠባበቂያዬ ቸርኬ፣ ማለት ጎማው የሚያርፍበት ብረት፣ ዝጎ ስለነበር ጎሚስታው በራሱ ክሪክ መኪናዋን አንሥቶ ጎማውን ብቻ በነባሩ ቸርኬ ላይ ቀየረልኝ፤ ራሱን እየነቀነቀ።

«ኩሽኔታ ነው ብሏል» አሉ አቶ ማቴዎስ ስንነሣ።

«ግምት ነው» አልኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ለዘጠነኛ ክፍል ስለ ሰበቃ ሳስተምር «ሁለት ነገር ሲፋተግ ጉልበት ይባክናል፤ የባከነው ሙቀትና ድምፅ ይሆናል» እላለሁ። በፈተናም አወጣዋለሁ። ተማሪ ሲሳሳትበትም አዝንበታለሁ።

ከቴፒ ወጥተን ዳገቱን ስንጀምር ወፍጮው ቀረበ። በቀኝ መታጠፊያ ሁሉ ያጓራል፤ በግራ መታጠፊያ ፋታ ይሰጠናል። ይህን በሚገባ አስተውያለሁ። ያስተዋልኩት ግን የግራ መታጠፊያ ለመውደድ ብቻ ነው። ድምፁ ሲጨምር ምን ላድርግ? ቴፑን ከፈትኩ። ፈረንጁ በደስታ «ጉድ ሞርኒንግ፣ ሚስተር ብራውን!» አለና ዝም አለ። አቶ ማቴዎስ፣ ሰላምታ ሳይመልሱ መቅረት ስለማያውቁ፣ «ጉድ ሞርኒንግ» አሉት።

ጎማው ሲጮህ ፈረንጁን ከፍ አደርገዋለሁ፤ ጎማው ይበልጠዋል፤ እንደገና ከፍ አደርገዋለሁ። ጫካው ውስጥ ጉሬዛዎቹ ቅርንጫፍ ለቀው ሲሸሹ አይቻለሁ። ጌጫ ከተማ ስናልፍ ገበያ ነበርና ሰዉ ቀና ብሎ ሰማይ ሰማይ አየ፤ አውሮፕላን መስሎት ነው። አናምንም ካላችሁ ጋሽ ወልዴን ጠይቁ። ስለ ትዳር የቀረውን ምክር በጆሮዬ እየጮኹ ነው የጨረሱልኝ።

ማሻ አቶ ወንድሙ በር ላይ የደረስነው ለስምንት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ነው። በሕይወቴ እንዲህ ኮርቼ አላውቅም። ሰውየው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ረጅም፣ ካፖርት የለበሱ፣ ዓይናቸው ከእንግዶቹ ይልቅ መኪናዋ ላይ ያረፈ። ጋሽ ወልዴ ወረዱና በኩራት ወደኋላ እየጠቆሙ «ሹፌራችን ነው» አሉ። የራሴ ስም ከአፌ እንዳያመልጥ ጥርሴን ነከስኩ።

ሽማግሌዎቹ ገቡ። እኔ መኪናዋ ውስጥ ቀረሁ፤ የቤቱ መስኮት ክፍት ስለነበር ሁሉን እሰማለሁ። እንደ ወጉ አንቀመጥም ብለው ቆመው፣ ጋሽ ወልዴ የመጡበትን ተናገሩ። ዘመድ አዝማዱ አጉረመረመ። ከዚያ አቶ ወንድሙ «ተቀመጡ፣ ብርዝ ጠጡ። ወንድሞቼ ያጫውቷችሁ፤ እኔ ላስብበት» ሲሉ ሰማሁ። ሊያስቡ የመጡት ወደ እኔ ነበር።

«ሹፌር» አሉኝ።

«አቤት» ብዬ ዘልዬ ወረድኩ።

«ይሄ ጩኸት ከየት ጀመረ?»

«የቱ ጩኸት?» አልኩ። እናንተዬ፣ እንዲህ ብዬ መልሻለሁ።

«ከታች ከድልድዩ ጀምሮ ሰምቻችኋለሁ። ሁለት ጩኸት ነው፤ አንዱ የጎማ፣ አንዱ የፈረንጅ።»

አስቴር ልትነግረኝ የረሳችው አንድ ነገር ነበር፤ ወይም እኔ አልጠየቅኳትም። አባቷ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከቴፒ አዲስ አበባ ቡና ሲያመላልሱ የኖሩ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው።

«ከሚዛን እንደወጣን ጉድጓድ መታን» አልኩ በትንሽ ድምፅ።

«ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ነው ወደ ግራ የሚብሰው?»

«ወደ ቀኝ።»

«ታዲያ ታውቃለሃ! ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ሸክሙ ሁሉ በግራው ጎማ ላይ ይወድቃል። የግራው ኩሽኔታ ነው። እያወቅክ ነዋ ዝም ብለህ የመጣኸው። በል ክሪክ አምጣ።»

ክሪክ። የኋላ ኮፈኗን ከፈትኩ። አንድ እግር ጫማ አገኘሁ፣ የተሰበረ ጃንጥላ አገኘሁ፣ ያልታረመ የፈተና ወረቀት አገኘሁ። ክሪክ የለም። ልክ በዚያች ሰዓት የጋሽ ወልዴ ድምፅ በመስኮቱ ወጣ፦ «ልጃችን ለነገር ሁሉ ቦታ ያለው ነው! ዕቃውን አሳምሮ የሚያውቅ፣ ጥንቁቅ፣ ችግር ገና ሳይመጣ የሚታየው!» እኔ ከመቀመጫ ሥር በሆዴ ተኝቼ እፈልጋለሁ። በመጨረሻ አቶ ወንድሙ ራሳቸው መጡና ከኮፈኑ ጎን አንድ ክዳን ገፋ አድርገው፣ ታስሮ የተቀመጠ ክሪክ አወጡ። እዚያ ክዳን እንዳለ እንኳ አላውቅም ነበር። ትንሽ አዩኝ።

መኪናዋን አነሡ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ሲነቀንቁት ቋ፣ ቋ አለ። በእጃቸው አሽከረከሩትና «ስማው» አሉ፤ አሸዋ የገባበት ነገር ይመስል ነበር። ከአጥሩ ቀጭን ቀርከሃ ሰብረው ከቸርኬው ጠርዝ አጠገብ ያዙና እንደገና አሽከረከሩ፤ ጠርዙ ቀርከሃውን ይነካል፣ ይተዋል፣ ይነካል። «ቸርኬውም ጠሟል። አንድ ጉድጓድ፣ ሁለት በሽታ» አሉ። ከዚያ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው መሐሉን ነካ ሲያደርጉት ጠሽ አለ። እኔም እጄን ሰድጄ በቶሎ መለስኩ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ አሥር ደቂቃ አልፈጀባቸውም። እኔ ከማለዳ ጀምሮ ያደረግኩት ምርመራ እርግጫ ብቻ ነው።

«በዚህ ቁልቁለቱን ወደ ቴፒ ብትወርድ፣ ከመንገዱ አጋማሽ ላይ ጎማው ጥሎህ ይሄዳል» አሉ። «ሁለት ትልልቅ ሰዎች ጭነሃል። አንድ ሰው አልነገረህም?»

ጎሚስታው ፊቴ ላይ ድቅን አለ፤ አቶ ማቴዎስም። «ነግረውኛል» አልኩ። «እንዳናረፍድ ብዬ ነው... ቴፑን ከፍ አደረግኩት።»

ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ ለእኔም ለራሳቸውም ባልሆነ ድምፅ ተናገሩ።

«የአስቴር እናት ጎኔን ያመኛል ትለኝ ነበር። ዓመት ሙሉ። ስመለስ እናያለን እላታለሁ። ስመለስ ሌላ ጭነት ይጠብቀኛል። እኔ እኮ ኩሽኔታ ሲያልቅ ከወንዝ ማዶ የምሰማ ሰው ነኝ። እሷን አልሰማኋትም።»

አስቴር እናቷ በልጅነቷ እንደሞተች ነግራኝ ነበር፤ እንዴት እንደሞተች ግን ጠይቄያት አላውቅም። እሷ ዝም ስትል እኔም ወሬ ቀይሬ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ያን ጊዜም ቴፑን ከፍ ማድረጌ ነበር።

«ልጁን ታውቀዋለህ?» አሉኝ በድንገት።

«የቱን ልጅ?»

«ሽማግሌ የላከውን። እነዚያ ውስጥ ሆነው መልአክ አድርገውታል። አንተ አብረኸው ትውላለህ፤ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ሹፌር ሆኖ መዋሸት ቀላል ነበር። «ወርቅ ልጅ ነው» ማለት ብቻ። በመስኮቱ ጋሽ ወልዴ «አስተዋይ!» እያሉ ነው። እኔ የተንጠለጠለውን ጎማ አየሁ።

«አስተዋይስ አይደለም» አልኩ። «ድምፅ ሲሰማ ደስ የሚለውን መልስ የሚሰጠው ሰው ፈልጎ የሚሄድ ነው። ሰነፍ ነው ማለቴ አይደለም፤ ፈሪ ነው። አስቴርን ግን ይወዳታል። ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ።»

አቶ ወንድሙ ተነሡና ካፖርታቸውን አራገፉ።

«ሹፌር የሆነ ሰው» አሉ፣ «ክሪኩ የት እንዳለ ያውቃል፣ ልጄ።»

ይህን ብለው ገቡ። እኔ ጎማው ሥር ቀረሁ። ፊቴ ከኩሽኔታው ይበልጥ ይሞቅ ነበር።

ለሽማግሌዎቹ የሰጡት መልስ አጭር ነው። «አልከለከልኳችሁም፤ አልሰጠኋችሁምም። መኪናዋ እዚህ ትቆይ። እናንተ በአውቶቡስ ሂዱ። ሹፌራችሁ ዕቃውን ገዝቶ ይምጣና በገዛ እጁ ይግጠም፤ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።» ጋሽ ወልዴ እስከ ሚዛን ድረስ እንዲህ ያለ የሽምግልና መልስ ሰምተው እንደማያውቁ ሲያስረዱ፣ አቶ ማቴዎስ አንዴ ብቻ «ኩሽኔታ ነው ብሎ ነበር» አሉ።

አስቴር ሚዛን አውቶቡስ መናኸሪያ ጠበቀችኝ። «አባባ ምን አለ?»

«መኪናዬን ወሰደ።»

ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ተናደደችብኝ። እኔም በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ እናቷ ጠየቅኳት። ብዙ ነገረችኝ፤ እኔም ሳላቋርጣት ሰማሁ።

ኩሽኔታው ከጅማ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ፈጀ። በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ በአውቶቡስ ታቅፌው ማሻ ሄድኩ። መኪናዬ ግቢ ውስጥ ቆማለች፣ ጣሪያዋ ላይ ዶሮ ሰፍሯል፤ ከእኔ ቀድማ የቤቱ ልጅ ሆናለች። አቶ ወንድሙ ዱካ ላይ ተቀምጠው በምላሳቸው ብቻ ሠሩ። «አጥብቅ። ላላ አድርግ። ግሪሱን በመዳፍህ እሸው፣ አትጠየፍ። አሁን አሽከርክረህ ስማ። ምን ትላለች?» ቸርኬውንም ለብቻው በመዶሻ አቃንቼ ጨረስኩ። ግማሽ ቀን ሄደ። ሸሚዜ ሸሚዝ መሆኑ ቀረ።

«በል እስከ ድልድዩ ውረድና ተመለስ። እኔ ከዚህ እሰማለሁ» አሉ።

ወረድኩ። ወደ ቀኝ ታጠፍኩ፤ ጸጥ። ወደ ግራ፤ ጸጥ። ድልድዩ ጋ ዞሬ ዳገቱን ስጀምር ግን ከኋላ በኩል ቋ አለ። ትንሽ ቆይቶ ቋ። እጄ በልማዱ ወደ ቴፑ ሄደ። ከበሩ ላይ አይሰማም እኮ፣ ትንሽ ናት፤ ዝም ብል ማን ያውቃል? ዛሬ ሁሉም ነገር ሊያልቅ ነው። እጄን መለስኩና እየሰማኋት፣ እያላበኝ ወጣሁ።

አቶ ወንድሙ በሩ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጆሯቸውን ወደ መንገዱ ሰጥተው ቆመዋል። ቆምኩ።

«ጎማው ድኗል» አሉ። «ሌላ የሚጮህ አለ?»

«አለ» አልኩ። «ከኋላ የሆነ ነገር ይንኳኳል። ምን እንደሆነ አላውቅም።»

ዓይናቸውን ገለጡ። ወደ ኋላ ሄዱ፣ ኮፈኗን ከፈቱና ጎንበስ አሉ። ቀና ሲሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሳቸውን አየሁት።

«ክሪኩ ነው። ሠርተህ ስትጨርስ መልሰህ አላሰርከውም።» ራሳቸው አሰሩት፣ ክዳኑን ዘጉ፣ እጃቸውን ጠረጉ። «ሽማግሌዎችህን ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላክ።»

ወደ እጃቸው ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው ቀና አደረጉኝ።

«ሹፌሩ ግን» አሉ፣ «ሌላ ይሁን።»